ካሜራው እያየ ክዳን የሌለው ጠርሙስ ለምን ያልፋል? የፍተሻ ካሜራ አተካከል ከልኬት እስከ ርክክብ

ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ካሜራው ይገዛል። ፕሮግራሙ ላፕቶፕ ላይ ተሞክሮ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። መስመር ላይ ሲወጣ ግን ጠዋት ደህና ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ያብዳል። ጥሩውን ጠርሙስ ይጥላል፣ ክዳን የሌለውን ያሳልፋል። ቀስ እያለ ኦፕሬተሩ ይሰለቸውና ያጠፋዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። የመብራቱ፣ የትሪገሩ (ካሜራው መቼ እንዲያነሳ የሚነግረው ምልክት) እና የሽቦው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ፕሮግራሙን ወደ ኋላ ገፍቶ ከሜትር ይጀምራል።

አዳማ ውስጥ ያለ መካከለኛ የታሸገ ውሃ መስመር እንውሰድ። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ በሰዓት 6,000፣ የኮንቬየሩ ፍጥነት በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር። የሚፈተሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ክዳን አለ ወይ? ቀጥ ብሎ ገብቷል ወይ? ውሃው ልኩን ሞልቷል ወይ? ዘይት ወይም ጁስ የምታሽጉ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

- ኮንቬየሩ ውስጥ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። "ሰው እየሠራ ነው" የሚል ወረቀት ብቻውን አይበቃም።
- የኮምፕሬሰሩን መስመር ዝጉና ቧንቧው ውስጥ የቀረውን አየር አስወጡ። መብራት ጠፍቶም የታመቀ አየር ሲሊንደር ይገፋል፣ ጣት ይሰብራል።
- ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ በኮምፒውተሩ በኩል እንዳያልፍ። በራሱ የሴፍቲ ሪሌይና ሽቦ ሞተሩን ያቁም። ኮምፒውተር ይደርቃል፤ ማቆሚያው መድረቅ የለበትም።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

1. የሚጣለውን ጠርሙስ በሚሊ ሜትር ግለጹ። "የተጣመመ ክዳን" ሲባል ምን ያህል? ከምርት ክፍሉና ከጥራት ክፍሉ ጋር ተቀምጣችሁ ተስማሙ፣ በወረቀት አስፈርሙ። እዚህ ምሳሌያችን ላይ የክዳኑ አንዱ ጎን ከሌላው በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ይጣላል እንበል። ይህ ወረቀት ከሌለ በኋላ ላይ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ትጨቃጨቃላችሁ።

2. ፍጥነቱን ራሳችሁ ለኩ። ኮንቬየሩ ላይ በፓርከር ምልክት አድርጉና 3 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ያዙ። 10 ሰከንድ ከሆነ በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር የአዲስ ማሽን ቁጥር ነው።

3. በጠርሙሶቹ መካከል ያለውን ርቀት እዩ። በሰዓት 6,000 ማለት በየ0.6 ሰከንዱ አንድ ጠርሙስ ነው። በዚህ ፍጥነት ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጠርሙሶቹ ተጣብቀው የሚመጡ ከሆነ ግን ካሜራ አትግዙ፤ መጀመሪያ ለያዩአቸው። ቀጣዩን ኮንቬየር ከፊተኛው ትንሽ ፈጠን ብታደርጉት ራሳቸው ይራራቃሉ። ተጣብቀው ካለፉ መጥፎውን የሚገፋው አየር ጥሩውንም ይዞት ይወድቃል።

4. ቦታውን ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይም ሄዳችሁ እዩት። ብዙ ሼዶች ጣራቸው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ፋይበር አላቸው። ወደ ምዕራብ የሚከፈት በር ካለ ደግሞ የከሰዓቷ ፀሐይ ቀጥታ መስመሩ ላይ ታርፋለች። የት እንደምታርፍ ወለሉ ላይ በቾክ አስምሩ።

5. ካሜራውን ከሞይው (ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ ከሚሞላው ማሽን) አጠገብ አታስቡት። ውሃው ገና እየተናጠ ስለሆነ ከፍታው አይለካም። ክዳን ከሚገጥመው ማሽን በኋላ ራቅ ብሎ ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ ከመታጠፊያም ሽሹ።

ደረጃ 2፦ ካሜራና ሌንስ ምረጡ

ሁለት ነገር አትደራደሩበት። ካሜራው ግሎባል ሻተር ይሁን፣ ማለትም ሙሉውን ምስል በአንድ ቅጽበት የሚይዝ። የስልክና የተራ ዌብካም ሴንሰር ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ የሚሮጥ ጠርሙስ ያጋድልበታል፤ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት መጋደልን ነው። ሁለተኛ፣ የውጭ ትሪገር መቀበያ ይኑረው። ቀለም አያስፈልግም። ለዚህ ሥራ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ይሻላል፤ ብርሃንም ይቆጥባል።

የሌንሱ ስሌት ይህን ይመስላል፦

የሌንስ የትኩረት ርቀት = የሴንሰር ስፋት × ከሌንስ እስከ ጠርሙስ ያለ ርቀት ÷ መታየት ያለበት ስፋት

በቁጥር እንየው። የሶኒ አይኤምኤክስ 296 ሴንሰር 1456 በ1088 ፒክሰል ነው፤ እያንዳንዱ ፒክሰል 3.45 ማይክሮ ሜትር። ስለዚህ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ለማየት በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ38 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትተክሉታላችሁ። ወደ ላይ 90 ሚሊ ሜትር ያህል ይታያል። ክዳኑ፣ አንገቱና የውሃው ከፍታ እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን 120ን ለ1456 አካፍሉ። አንድ ፒክሰል 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ1 ሚሊ ሜትር ጥመት 12 ፒክሰል ይሆናል ማለት ነው፣ በቂ ነው። ውጤቱ ከ5 ፒክሰል በታች ከወረደባችሁ የሚታየውን ስፋት አጥብቡ ወይም የተሻለ ሴንሰር ያዙ።

ቦታ ጠበበን ብላችሁ በ8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ19 ሳንቲ ሜትር ላይ ለመትከል አትቸኩሉ። ሲቀርብ የክዳኑ የኋላ ጠርዝም ይታያል፤ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል፤ ልኬቱ ይዋሻል። ርቀት ካለ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 3፦ መብራቱ (እዚህ ጊዜ ውሰዱ)

ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን ጊዜ ለዚህ ስጡ። ምስሉ ላይ ክዳኑ በዓይን ቁልጭ ብሎ ካልታየ ምንም ፕሮግራም አያወጣውም።

1. መብራቱን ከጠርሙሱ ጀርባ አድርጉ። ጠፍጣፋ የጀርባ ኤልኢዲ ፊቱ ካሜራውን ይይ፣ ጠርሙሱ በመሃል ይለፍ። ክዳኑ ጥቁር ሆኖ በነጭ ላይ ይወጣል። ሰማያዊ ይሁን ነጭ፣ የክዳኑ ቀለም ለውጥ አያመጣም። የውሃው ጠርዝም ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ከፊት ለፊት ካበራችሁት ግን ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ የሚታየው ነጸብራቅ ብቻ ይሆናል።

2. በ24 ቮልት ዲሲ የሚሠራ መብራት ተጠቀሙ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ከሱ የሚሠራ ቱቦ መብራት ወይም ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። አንዱ ጠርሙስ በደማቁ፣ ቀጣዩ በደብዛዛው ይነሳል። ፕሮግራሙ አበደ የሚባለው አንዳንዴ ይኼው ነው።

3. ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አስሉ። ጠርሙሱ በሰከንድ 300 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በ1 ሚሊ ሰከንድ 0.3 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ከ3 ፒክሰል በላይ ነው፣ ይደበዝዛል። በ0.25 ሚሊ ሰከንድ ከ1 ፒክሰል በታች ይሆናል። 0.25 ላይ አቁሙት።

4. ምስሉ ጨለመባችሁ? ኤክስፖዠር አትጨምሩ። መጀመሪያ መብራቱን አጠንክሩ። መብራቱ ከካሜራው ጋር ብልጭ የሚል ዓይነት ከሆነ የካሜራውን የብልጭታ መስመር አገናኙ። ጌይን (ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ ማድመቅ) የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ምስሉን በነጠብጣብ ይሞላዋል።

5. ቤት ሥሩለት። ካሜራውን፣ መብራቱንና ጠርሙሱ የሚያልፍበትን ቦታ በጥቁር ቆርቆሮ ወይም በማይበራ ፕላስቲክ ሸፍኑ። ቾክ ያደረጋችሁበትን የፀሐይ አቅጣጫ ከሌላው አጠንክራችሁ ዝጉ። ቀይ መብራት ከመረጣችሁ ቀይ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ግጠሙ፤ የቀረውን የቀን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል።

6. አውቶ የሚል ነገር ሁሉ ይጥፋ። አውቶ ኤክስፖዠር፣ አውቶ ጌይን፣ ሁሉም። ሂስቶግራሙን (የምስሉን ብሩህነት የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈቱና የጀርባውን ብሩህነት ከ255 ውስጥ ከ200 እስከ 230 መካከል አድርጉት። 255 ከነካ ብርሃኑ የጠርዙን ዳር ይበላል።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ጠርሙስ አቁማችሁ ምስል አንሱ። የሼዱን መብራት በሙሉ አጥፉና ድገሙ። በሩን ከፍታችሁ ድገሙ። ሦስቱ ምስሎች በዓይን ካልተመሳሰሉ ወደ ደረጃ 4 አትለፉ።

ደረጃ 4፦ መትከል

መደገፊያውን ከኮንቬየሩ አካል ሳይሆን ከወለሉ አንሱ። የኮንቬየሩ ንዝረት ቀኑን ሙሉ ካሜራውን ይነቀንቀዋል።

ትኩረቱን ስታስተካክሉ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ስህተት ወዲያው የሚታየው ያኔ ነው። ጥርት ሲል ቀዳዳውን አጥብባችሁ ወደ ኤፍ 5.6 ገደማ መልሱት፤ ከዚያ የሌንሱን ማሰሪያ ብሎኖች አጥብቁ። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ሂስቶግራሙን ደግማችሁ እዩ። ብሎኖቹን መርሳት በጣም የተለመደ ነው። ሌንሱ በንዝረት ቀስ በቀስ ይዞርና ከሳምንታት በኋላ "ካሜራው ተበላሸ" ይባላል።

አዳማ ላይ አቧራውን በቁም ነገር ያዙት። በከተማዋ ዙሪያ የንፋስ ተርባይን የተተከለው ንፋስ ስላለ ነው፤ ያው ንፋስ ደቃቁን አፈር ሼድ ውስጥ ያስገባዋል። ካሜራውን ቢያንስ አይፒ 65 በሆነ (አቧራና የውሃ ርጭት በማያስገባ) ሽፋን ክተቱ። መስተዋቱን በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉ፤ መጀመሪያ በእጅ መንፊያ አቧራውን አራግፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። የኮምፕሬሰር አየር አትጠቀሙ፣ ዘይትና ውሃ ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ትሪገሩ (የርዕሱ መልስ ግማሽ እዚህ አለ)

ትሪገር "ጠርሙስ ደርሷል፣ አሁን አንሳ" የሚል ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ፎቶ ሴንሰር ነው፤ የብርሃን ጨረሩ ሲከለል ዕቃ መድረሱን ያውቃል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው፦ ጠርሙሱ ጠራ ያለ ስለሆነ ተራ ሴንሰር ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል። አንዱን ያያል፣ አንዱን ይስታል።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሰውየው "እንግዲያው ክዳኑ አያሳልፍም" ይልና ሴንሰሩን ክዳኑ ላይ ያነጣጥራል። በጣም ጥሩ ይሠራል። ክዳን የሌለው ጠርሙስ ሲመጣ ግን የሚከልለው ነገር የለም፤ ሴንሰሩ ዝም ይላል። ካሜራው አያነሳም፣ ፕሮግራሙ አይፈርድም፣ ጠርሙሱ በሰላም ካርቶን ውስጥ ይገባል። ካሜራው የተገዛው በዋናነት ለዚህ ጠርሙስ ነበር!

ስለዚህ፦

1. ለጠራ ዕቃ የተሠራ፣ መስተዋት መላሽ ያለው ፎቶ ሴንሰር ግዙ።
2. የጠርሙሱ አካል ላይ አነጣጥሩት፣ ከክዳኑ በታች።
3. ባዶ፣ የሞላ፣ ክዳን ያለውና የሌለው ጠርሙስ እያሳለፋችሁ የሴንሰሩ ጠቋሚ መብራት ለሁሉም እንደሚበራ አረጋግጡ።
4. አንድ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ ከመጀመሪያው ምልክት በኋላ ለ0.2 ሰከንድ ያህል ሌላ ምልክት እንዳይቀበል አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ሽቦና ኃይል

የሴንሰሩ ውጤት ፒኤንፒ (24 ቮልት የሚያወጣ) ይሁን ኤንፒኤን (ወደ ዜሮ የሚስብ)፣ ከፒኤልሲው (መስመሩን ከሚያዘው የፋብሪካ መቆጣጠሪያ) መግቢያ ጋር መግጠሙን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። 24 ቮልቱን በቀጥታ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ቦርድ ፒን ላይ አታስገቡ። ፒኑ የሚችለው 3.3 ቮልት ነው፣ ወዲያው ይቃጠላል። መሃል ላይ ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን አሳልፎ ሁለቱን ቮልቴጅ የሚለያይ ዕቃ) አስገቡ።

የካሜራና የሴንሰር ኬብል ከሞተርና ከኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው) ኬብል ጋር በአንድ ቦይ አይሂድ። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይሻገር። ጠርሙስ ሳይኖር ትሪገር ከመጣባችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ነው። ካሜራው ከኮምፒውተሩ ከ3 ሜትር በላይ ከራቀ ዩኤስቢ ራስ ምታት ነው፤ እስከ 100 ሜትር የሚሄደውን የኔትወርክ ኬብል ካሜራ ምረጡ፣ የራሱንም ኔትወርክ ካርድ ስጡት።

ኮምፒውተሩ፣ ካሜራውና የ24 ቮልቱ ምንጭ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ዩፒኤሱ ከሌለ ወይም ካለቀ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንቬየሩ ወዲያው ይነሳል፣ ኮምፒውተሩ ግን ገና እየተከፈተ ነው። በዚያ መሃል ያለፈው ጠርሙስ ሁሉ ያልተፈተሸ ነው። መፍትሔው፦ ፕሮግራሙ በየግማሽ ሰከንዱ "አለሁ" የሚል ምልክት ለፒኤልሲው ይላክ። ምልክቱ ለ2 ሰከንድ ከጠፋ ፒኤልሲው ኮንቬየሩን ያቁም፣ እስኪመለስም አያስነሳ።

ደረጃ 7፦ ፕሮግራሙ

ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለው ዕዳው ገብስ ነው። በኦፕንሲቪም (ነፃ የምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር) ሆነ ከካሜራው ጋር በመጣው ሶፍትዌር ሂደቱ አንድ ነው።

1. የአንገቱን ቀለበት ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ ከሱ ይነሳ። ጠርሙሱ ወዲህ ወዲያ ቢል ልኬቱ አብሮት ይሄዳል።
2. ጥቁርና ነጩን የሚለየውን ወሰን ቋሚ ቁጥር አድርጉት። ብርሃኑን ተቆጣጥራችኋል፣ ፕሮግራሙ በየምስሉ የራሱን ወሰን እንዲመርጥ አትፍቀዱለት።
3. ከአንገቱ በላይ የጥቁሩን ስፋት ለኩ። የክዳን ስፋት ካልመጣ ክዳን የለም።
4. በክዳኑ የላይ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ12 ፒክሰል በላይ ከሆነ ይጣል።
5. ከአንገቱ በታች የውሃውን ጠቋራ መስመር ፈልጉ። የአየር አረፋ እንዳያሳስታችሁ በመሃል ላይ ብዙ ቋሚ መስመሮች ወስዳችሁ መካከለኛውን ያዙ።
6. አንገቱ ካልተገኘ ውጤቱ "መጥፎ" ይሁን። "አላውቅም" የሚባል መልስ አይኑር።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እናሠልጥነው የሚል ሰው አይጠፋም። ለጭረት፣ ለቆሻሻና ለተጨማደደ ሌብል ጥሩ ነው። በማስመሪያ ለሚለካ ነገር ግን ማስመሪያ ይበቃል፤ ሲሳሳትም ለምን እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 8፦ መጣያው (የርዕሱ መልስ ሌላው ግማሽ)

ካሜራው መጥፎውን ካየ በኋላ ጠርሙሱ ወደ አየር መግፊያው ይሄዳል። ርቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሰከንድ ይፈጅበታል። ብዙዎች በሰዓት ቆጣሪ 2 ሰከንድ ይሞላሉ። ኮንቬየሩ ትንሽ ከዘገየ ወይም ቆሞ ከተነሳ ግን የሚመታው ሌላ ጠርሙስ ነው። ኮንቬየሩ ዘንግ ላይ ኢንኮደር (ዘንጉ ሲዞር የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ መሣሪያ) ግጠሙና በርቀት ቁጠሩ። በሚሊ ሜትር አንድ ምት የሚሰጥ ከሆነ 600 ምት ቁጠሩና ግፉ።

ቀጥሎ ያለውን ደግማችሁ አንብቡት። ፒኤልሲው "መጥፎ ነው" የሚል ምልክት ሲመጣ ብቻ እንዲጥል አታድርጉት። በፎቶ ሴንሰሩ የተመዘገበ ጠርሙስ ሁሉ እንደ መጥፎ ይጀምር፤ "ጥሩ ነው" የሚል መልስ ከደረሰ ብቻ ይለፍ። ያኔ ኬብል ቢነቀል፣ ፕሮግራሙ ቢደርቅ፣ መብራቱ ቢቃጠል ጠርሙሱ ይጣላል እንጂ አያመልጥም።

መጣያው አፍ ላይ ሌላ ሴንሰር ጨምሩ። የታዘዘውና የወደቀው ቁጥር ካልተገናኘ መስመሩ ይቁም። 3 ጠርሙስ በተከታታይ ከተጣለም ይቁም፤ ያኔ ችግሩ የአንድ ጠርሙስ ሳይሆን የክዳን ገጣሚው ወይም የሌላ ማሽን ሊሆን ይችላል። ለሶሌኖይድ ቫልቩ (መግፊያውን አየር በኤሌክትሪክ ለሚከፍተው) መከላከያ ዳዮድ አትርሱ፤ ካልሆነ የፒኤልሲውን መውጫ ይበላዋል።

ደረጃ 9፦ ሙከራና ርክክብ

መጥፎ ጠርሙሶች ሆን ብላችሁ ሥሩ፦ ክዳን የሌለው፣ ክዳኑ የተጣመመ፣ የጎደለ። ልዩ ምልክት አድርጉባቸው፣ ተቆልፎ በሚቀመጥ ሣጥን ያዙ።

300 ጊዜ መጥፎ ጠርሙስ አሳልፋችሁ አንድም ካላመለጠ የማምለጡ መጠን ከ1 በመቶ በታች ስለመሆኑ 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን ትችላላችሁ። 10 ሞክሮ "ይሠራል" ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም። በየሽፍቱ መጀመሪያ ደግሞ ኦፕሬተሩ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ያሳልፍ፣ ውጤቱን መዝገብ ላይ ይፈርም።

ጥሩው ሲጣልም ቁጠሩ። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በሰዓት ግን 60 ጠርሙስ ነው። ኦፕሬተሩ ካሜራውን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፣ አይፈረድበትም። ማለፊያ ማብሪያውን (መስመሩ ያለ ፍተሻ እንዲሄድ የሚያደርገውን) በቁልፍ አድርጉት፣ ቁልፉም ሽፍት ኃላፊው ጋ ይሁን።

ሲበላሽ መጀመሪያ የት ልይ?

- ከሰዓት ብቻ ጥሩውን የሚጥል፦ የፀሐይ ብርሃን እየገባ ነው። ሽፋኑን እዩ።
- አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ፦ ከውጭ የቱቦ መብራት እየገባ ነው፣ ወይም የ24 ቮልቱ ምንጭ አቅም አንሶታል።
- ልኬቱ ቀስ በቀስ የሚሸሽ፦ የሌንሱ ብሎን ላልቷል ወይም መስተዋቱ አቧራ ይዟል።
- የውሃው ከፍታ የሚዘል፦ ጠርሙሱ ላይ ጠብታ አለ። ከካሜራው በፊት በአየር አድርቁት።
- ትክክል አይቶ ጎረቤቱን የሚገፋ፦ ኢንኮደሩ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ርቀቱን እንደገና ለኩ።
- ሁሉንም የሚጥል፦ ፕሮግራሙን ከመንካታችሁ በፊት የቀጥታ ምስሉን ክፈቱ። ጨለማ ከሆነ መብራቱ ሞቷል።

ለዚህ የመጨረሻው አንድ ተለዋጭ የጀርባ መብራት፣ አንድ ፎቶ ሴንሰርና አንድ የካሜራ ኬብል ስቶር ውስጥ አስቀምጡ። ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ነው፤ ዕቃው እዚያም ከሌለ ግን ከውጭ እስኪመጣ የምትጠብቁት መስመሩን አቁማችሁ ነው።